በበረዶው ላይ ያለው ዱካ ሁሉ የገዳዩ አይደለም

ነገሩ የጀመረው በቁራ ጩኸት ነው። የጥር ማለዳ ነበር። በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ ጫካው ጭጭ ብሏል። ድንገት ከፊቴ ካለው ጥድ ስር ስምንት ዘጠኝ ቁራ ብድግ አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዲት አጋዘን ወድቃለች። ነጭ ጭራ ከሚባለው ዝርያ ናት። ሆዷ ተከፍቷል። አንድ የኋላ እግሯ የለም። ዙሪያው ደምና ፀጉር ብቻ ነው፣ በረዶውም ተረጋግጦ ጠጥሯል።

ጎንበስ ብዬ ዱካውን አየሁ። ሞላላ ነው። አራት ጣት አለው፣ የጥፍሩ ምልክት ከፊት ይታያል፣ ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ከተኩላ የሚያንሰው የሰሜን አሜሪካ የዱር ውሻ፣ ኮዮቴ፣ መሆኑ አላጠራጠረኝም። ያውም አንድ አይደለም፣ ቢያንስ ሦስት። ማስታወሻዬ ላይ «ገዳይ፦ ኮዮቴዎች» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶ አነሳሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ተሳስቼ ነበር። ይህን የምጽፈውም በክረምት ጫካ ውስጥ የሞተ አጋዘን የሚያጋጥመው ሰው እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳይደግም ብዬ ነው። ጉዳዩ ተራ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። ያላደረገውን አደረገ የተባለ አውሬ ይጠመድበታል፣ ይተኮስበታል። ያደረገው ደግሞ ማንም ሳያውቀው እዚያው አካባቢ ይኖራል።

ፎቶዎቹን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ጫካ ሲያድኑ ለኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አሳየኋቸው። ስለ ዱካው ምንም አላሉም። አንዱን ፎቶ አስፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጨጓራዋ የታለ?» አሉኝ።

አላስተዋልኩም ነበር። ቀጠሉ። «ይሄ ከጎን የተቆለለውስ ምንድን ነው?»

ፎቶው ጥግ ላይ የበረዶና የጥድ ቅጠል ክምር ይታያል። አይቼው ነበር፣ ግን ቁምነገር አልሰጠሁትም።

«እዚያ ስንት ሰዓት ቆየህ?»

«አንድ ሰዓት ይሆናል።»

«ልጄ፣ ባለቤቱ ቅርብ ሆኖ ሲያይህ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ብቻህን እንዳታደርገው።»

በማግስቱ አብረን ሄድን። ከመሄዳችን በፊት ግን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ደወሉ። የአጋዘን ሬሳ መንካት ወይም ማንሳት በብዙ ቦታ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ባይጠይቅም እንኳ መደወሉ ይጠቅማል። ባለሙያ መጥቶ ከቁስሉ ላይ የምራቅ ናሙና ሊወስድ ይችላል፣ ከዚያ ምራቅም የገዳዩ ዘረመል ይገኛል። ሬሳው ከተነካካ በኋላ ግን ይህ ዕድል ያመልጣል። ለእኛ በስልክ ፈቀዱልን። ጓንት አድርጉ፣ ፎቶውንም ላኩልን አሉ። ጓንቱን ችላ አትበሉት። አጋዘን ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖረው ይችላል። በረዶ ነው፣ ቅዝቃዜ ነው ብሎ መዘናጋት ልክ አይደለም።

እኔ ቀጥ ብዬ ወደ ሬሳው ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ። መጀመሪያ ሰፊ ክብ ሠርተን ዞርን። አርባ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀን፣ በዝግታ። ይህ ከሁሉ በላይ የምመክረው ነገር ነው። ሬሳው አጠገብ ያለው በረዶ ማንም የረገጠው ነው። ቁራ፣ ቀበሮ፣ ኮዮቴ፣ አሁን ደግሞ እኔ። ራቅ ብሎ ያለው በረዶ ግን ማን እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሄደ ለብቻ ለብቻ ያሳያል።

ሁለተኛው ነገር በረዶው መቼ እንደጣለ ማወቅ ነው። የመጨረሻው በረዶ የጣለው እኔ አጋዘኗን ካገኘሁበት ቀን ሁለት ሌሊት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ በረዶው ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ዱካ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የኮዮቴዎቹ ዱካ እንደዚያ ነበር፤ ጠርዙ ስል፣ ከላይ ምንም ያልወረደበት። ዞረን ዞረን ስንመጣ ግን ሌላ ነገር አየን። ክብ ክብ ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ተሰልፈዋል። በረዶ ሞልቷቸው ለስልሰዋል። ብቻዬን ብሆን የዛፍ ቅርንጫፍ ያራገፈው በረዶ ነው ብዬ አልፋቸው ነበር። እነዚህ ከበረዶው በፊት ወይም በረዶው እየጣለ የተረገጡ ናቸው።

ለስላሳውን መስመር ተከተልን። የወደቀ ግንድ ስር ሲደርስ በረዶ ያልገባበት አንድ መዳፍ ብቻ ቀርቶ ነበር። ተንበርክኬ ማስመሪያ አጠገቡ አኖርኩ። ወርዱ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱም ከወርዱ ብዙ አይለይም። የጥፍር ምልክት የለውም። የተረከዙ ሥጋ ሰፊ ነው፣ ከኋላ በኩል ሦስት ጉብታ አለው። አራቱ ጣቶችም እኩል አልተደረደሩም። እንደ እኛ መሃል ጣት አንዱ ቀደም ብሏል። ይህ የድመት ወገን ነው። ሰሜን አሜሪካ ጫካ ውስጥ ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመት ዱካም ይህን ያህል ይሰፋል፣ ግን መዳፉ ፀጉራም ስለሆነ ምልክቱ ይደበዝዛል። በዚህ መጠን ተረከዙ ጥርት ብሎ ሲታይ ግን የሚጠረጠረው የተራራ አንበሳ የሚባለው ኩጋር ነው። ፑማም ይሉታል።

የድመትንና የውሻን ወገን በጥፍር ብቻ ለመለየት አትሞክሩ። ድመትም ሲያንሸራትተው ጥፍሩን ያወጣል። የውሻ ጥፍርም ለስላሳ በረዶ ላይ አንዳንዴ አይታይም። እኔ አሁን የማየው በጣቶቹና በተረከዙ መሃል ያለውን ክፍት ቦታ ነው። በኮዮቴ፣ በተኩላና በውሻ ዱካ ላይ በክፍቱ ቦታ የ«ኤክስ» ቅርጽ ማስመር ይቻላል። የድመት ተረከዝ ትልቅ ስለሆነ መስመሩ ይደነቀርበታል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ፀሐይ ያገኘው ዱካ ይሰፋል። የቀለጠ የኮዮቴ ዱካ ተኩላ ሊያክል ይችላል። ልኬቱን ጥላ ውስጥ ካለ ዱካ ውሰዱ፣ ከአንድም በላይ ለኩ።

ከግንዱ ኋላ በረዶው ተጨፍልቆ፣ ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ኩጋሩ እዚያ አድፍጦ ቆይቷል። የአጋዘኗ ኮቴ ከሌላ አቅጣጫ በእርጋታ ይመጣል። እርምጃዋ እኩል ነው፣ አልሮጠችም፣ አልደነገጠችም። ከዚያ አንድ ትልቅ ዝላይ፣ አንድ ሌላ፣ በቃ። በረዶው ተገለባብጧል። ያ ሁሉ የሆነው ከአሥር እርምጃ ባነሰ ቦታ ነው። ኩጋር ረጅም አያሳድድም፤ ይሸምቃል፣ ይዘላል፣ ማጅራት ወይም ጉሮሮ ይይዛል። ከዚያ ቦታ እስከ ሬሳው ድረስ ሠላሳ እርምጃ የሚሆን የተጎተተ ነገር መስመር ነበር፣ ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን የተኛበት። እኔ የመጀመሪያ ቀን የኮዮቴዎች መሄጃ ነው ብዬ የረገጥኩት መስመር ነው።

አሁን ወደ ሬሳው ሄድን። አዛውንቱ መጀመሪያ ክምሩን በዱላ ገለጡት። ከስሩ ጨጓራዋ ከነፈርሱ ወጣ። ኩጋር ጨጓራውን አይበላም፤ አውጥቶ ለብቻው ያስቀምጣል፣ ብዙ ጊዜም ይቀብረዋል። በዙሪያው ያለው የጥድ ቅጠል የተፋቀው ከሩቅ ነው፣ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ርቀት። ይህም ይጠቅማል። ቦብካት የሚባለው ትንሹ የዱር ድመትም ያገኘውን ይሸፍናል፤ ግን ክንዱ አጭር ስለሆነ የሚፍቀው ከ40 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ቀጥሎ ፀጉሩን አሳዩኝ። ከጎድኗ ኋላ፣ መጀመሪያ በተከፈተችበት በኩል፣ ፀጉሩ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ረግፏል። ኮዮቴዎች በበሉበት ታፋ በኩል ደግሞ ተነጭቷል፣ ጫፉም የተበጣጠሰ ነው። ሁለቱን ክምር ጎን ለጎን መዳፌ ላይ ይዤ ያየሁበት ሰዓት ነው ነገሩ በትክክል የገባኝ። አንድ ሬሳ ላይ ሁለት ገበታ ነበር። ልብ፣ ጉበትና ሳንባዋን የበላው የመጀመሪያው ነው። የኋላ እግሯን ይዘው የሄዱት በኋላ የመጡት ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው ማስረጃ ቆዳው ስር ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነው፣ ደስ የሚል ሥራ ስላልሆነ። አዛውንቱ በቢላዋ ከመንጋጋዋ እስከ ትከሻዋ ቆዳውን ገፈፉት። ከውጭ ሲታይ አንገቷ ደህና ነበር፣ ፀጉሩ እንኳ አልተበላሸም። ከስሩ ግን ሥጋው በልዟል። ወይን ጠጅ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ የረጋ ደም የቋጠረ፣ እጅ የሚያህል ስፋት ያለው። ማጅራቷ ላይ የክራንቻ ቀዳዳዎች አሉ። በሁለቱ ላይኛ ክራንቻዎች መካከል ያለውን ርቀት ለካሁት፤ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ከዚያ የተበላውን ታፋ ገፈፉልኝ። ጥርስ የገባበት ቦታ ሞልቷል፣ ሥጋው ግን ገርጥቷል። አንድም የበለዘ ቦታ የለውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ልብ እየመታ ሳለ የተነከሰ ሥጋ ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ይቋጥራል። ልብ ከቆመ በኋላ ግፊት የለም፤ የቱንም ያህል ቢነከስ አይበልዝም። ስለዚህ ቆዳው ስር ያለ ብልዝ በሕይወት እያለች ማን እንደነከሳት ይናገራል። ሬሳው ላይ የትም ቦታ ብልዝ ከሌለ አውሬ ገደላት ለማለት ማስረጃ የላችሁም። ዙሪያው ሃያ ዱካ ቢኖርም።

በክራንቻ ርቀት በግምት እንዲህ ትለያላችሁ። ቦብካት ከ2 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ኮዮቴ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። ኩጋርና ተኩላ ሁለቱም ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሆኑ በዚህ ብቻ እርስ በርስ አይለዩም። እነሱን የሚለያቸው የአገዳደላቸው ጠባይ ነው።

ተኩላ ያሳድዳል። ተኩላ የገደለው አጋዘን ዘንድ ስትሄዱ ታሪኩ ረጅም ነው፤ የሚሮጥ ኮቴ፣ በጎንና በጎን የሚሮጡ ትላልቅ መዳፎች፣ መንገድ ላይ የተንጠባጠበ ደምና የተነጨ ፀጉር። ቁስሉ ታፋና ጎን ላይ ይበዛል፣ ጉሮሮም አፍንጫም ላይ ሊኖር ይችላል። መንጋ ከሆነ ሬሳው ይበታተናል። ትላልቅ አጥንቶች ተሰብረው መቅኔያቸው ወጥቷል። አንዳንዴ የሚቀረው ፈርሱ፣ ፀጉሩና የመንጋጋ አጥንት ብቻ ነው። የአዋቂ ተኩላ የፊት መዳፍ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚረዝም ከኮዮቴ ጋር አይምታታም፣ ዱካው እስካልቀለጠ ድረስ።

ኮዮቴም አጋዘን ይገድላል፣ አይገድልም ማለቴ አይደለም። በተለይ በረዶው ወደ ግማሽ ሜትር ሲደርስና ላዩ ሲጠጥር። ያን ጊዜ አጋዘኑ ከባድ ነው፣ ኮቴው ስል ነው፣ ቅርፊቱን ሰብሮ ይሰምጣል። ኮዮቴው ቀላል ስለሆነ ከላይ ይሮጣል። ንክሻው አብዛኛውን ጊዜ ከመንጋጋ ስር ጉሮሮ ላይ ነው፣ የኋላ እግርም ላይ ይገኛል። ቦብካት ደግሞ የተኛ አጋዘን ላይ ይዘልና ጉሮሮ ይይዛል። ያን በምታህል ድመት እንዴት ይሆናል ብላችሁ አትናቁት። የአጋዘኑ መኝታ እዚያው ከሆነ፣ በአካባቢው 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ዱካ ካለና ጉሮሮው ላይ ጠባብ ቀዳዳ ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ። ድብ በክረምት ልብ ዋሻው ውስጥ ስለሚተኛ መጀመሪያ የሚጠረጠር አይደለም።

ውሻን ለብቻው ልናገር። የሰው ውሻ ተለቅቆ ጫካ ሲገባ አጋዘን ያሳድዳል። አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ጆሮዋ፣ ታፋዋ፣ ጎኗ፣ ጭራዋ ሳይቀር ተነካክሷል፣ ቆዳው ስርም ሁሉም ቦታ በልዟል። ግን ምንም አልተበላም። አውሬ ስለሚርበው ቶሎ ገድሎ ይበላል። ውሻ ቤቱ ምግብ ስላለው ይነክሳል፣ ያቆስላል፣ ትቶ ይሄዳል። ዱካውም ያስታውቃል። ጣቶቹ ተበትነዋል፣ ጥፍሩ ደነዝ ነው፣ መንገዱ ወዲህ ወዲያ ይዋልላል። የዱር አውሬ ጉልበቱን ስለሚቆጥብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያቺን አጋዘን ካየሁ ወዲህ ውሻዬን ጫካ ውስጥ ከገመዱ ፈትቼው አላውቅም።

ሰውንም ከተጠርጣሪዎቹ አታውጡት። መኪና የገጨው አጋዘን ከመንገድ ርቆ ሄዶ ይወድቃል። ቆዳውን ስትገፉት አንድ ጎኑ በሙሉ በልዞ፣ ጎድኑ ተሰባብሮ ታገኛላችሁ፣ የክራንቻ ቀዳዳ ግን የለም። ጥይት ወይም ቀስት አቁስሎት ያመለጠም እንዲሁ። መግቢያና መውጫውን ፈልጉ።

እንግዲህ ለደኅንነታችሁ የማሳስበው አለ። የተሸፈነ ሬሳ ካያችሁ ወይም ሬሳው ትኩስ ከሆነ አትቆዩ። ኩጋር በሸፈነው ሥጋ ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ለቀናት አጠገቡ ሊያድር ይችላል። ልጅ ካለ እቀፉ፣ ውሻ ካለ በገመድ ያዙ፣ በመጣችሁበት ውጡ። ኩጋሩን ካያችሁት አትሩጡ። ፊታችሁን ሳታዞሩ፣ ራሳችሁን አግዝፋችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ወደኋላ አፈግፍጉ። ማየት ካስፈለገ በሌላ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተመለሱ። እኛ በሄድንበት ቀን ኩጋሩ አልተመለሰም ነበር። ኮዮቴዎቹ ወርሰውታል፣ እሱም ትቶላቸው ሄዷል። ይህን ግን ያወቅነው ክቡን ዞረን አዲስ የድመት ዱካ ካጣን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ። አንዱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የተማርኩትን ሁሉ የሚፈትን ነበር።

የክረምቱ መጨረሻ ነበር። በረዶው ጥልቅ ነው፣ ላዩ ጠጥሯል። አንድ ዓመት ያልሞላው ግልገል ዝግባ ስር ወድቋል። ኮዮቴ ዙሪያውን ረግጦታል፣ ሆዱ ተከፍቷል፣ ፀጉሩ ተነጭቷል። ከላይ ላየው የኮዮቴ ሥራ ነው። ቅርፊት በረዶ፣ ደካማ ግልገል፣ በርከት ያሉ ኮዮቴዎች፣ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ክቤን ዞርኩ። የሩጫ ኮቴ የለም። የግልገሉ ዱካ አጫጭር ነው፣ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ዝግባው ስር ተኝቷል። የተኛበት በረዶ በሰውነቱ ሙቀት ቀልጦ ረግቷል። አልተነሳም።

ቢሮው ደውዬ ፈቃድ ከጠየቅኩ በኋላ አንገቱን ገፈፍኩ። ነጭ። ታፋውን ገፈፍኩ። ነጭ። ከዚያ የጭኑን አጥንት ሰበርኩ። ይህን ያሳዩኝ እኚያው አዛውንት ናቸው። ጤነኛ አጋዘን ጭኑ ውስጥ ያለው መቅኔ ነጭ ወይም ትንሽ ቀላ ያለ፣ እንደ ሻማ ጠጠር ያለ ስብ ነው። ረሃብ ሲመጣ ሰውነቱ መጀመሪያ የቆዳውን ስር ስብ ይበላል፣ ከዚያ የኩላሊቱን፣ መጨረሻ የመቅኔውን። የግልገሉ መቅኔ ቀይ ነበር። እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል። ጣቴ መሃል ሳሸው ምንም ቅባት አልነበረውም።

ጨጓራውን ቀድጄ አየሁት። ባዶ አልነበረም። በቀጭን እንጨትና በዝግባ ቅጠል ተሞልቷል። ሲበላ ነው የከረመው። የበላው ነገር ግን የሚያኖር አልነበረም።

ጓንቴን አውልቄ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ጣቴ ከቅዝቃዜው የተነሳ እስክሪብቶውን በደንብ አልያዘም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወንድ ግልገል። ብልዝ የለም። መቅኔ ቀይ፣ ፈሳሽ። የሞተበት ምክንያት፦ ረሃብ። የበሉት፦ ኮዮቴዎች፣ ቁራዎች፣ አንድ ቀበሮ።»